ሁለት ግጥም፣ አንድ መልስ፦ የጂሲኤስኢ የንጽጽር ጥያቄ እንዴት ይጠናል?

«ገጣሚዎች ስለ ኃይል ያላቸውን ሐሳብ በ‹ኦዚማንዲያስ› እና ከመድብሉ በመረጥከው አንድ ሌላ ግጥም ውስጥ እንዴት እንዳቀረቡት አወዳድር።»

እንግሊዝ አገር የሚማሩ የአሥራ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለጂሲኤስኢ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተና ሲቀመጡ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ 30 ነጥብ ይይዛል። ብዙ ልጆች ግጥሞቹን አንብበው፣ መምህሩ ያለውን ሁሉ በቀለም አስምረው፣ ጥቅሶች በቃላቸው ይዘው ይገባሉ። ከዚያ ስለ መጀመሪያው ግጥም አንድ ገጽ ተኩል፣ ስለ ሁለተኛው አንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ሁለቱም ስለ ኃይል ናቸው» የሚል አንቀጽ ጣል አድርገው ይወጣሉ። ሲወጡ ደስ ብሏቸው ነው፣ ብዙ ጽፈዋልና። ውጤቱ ሲመጣ ግን ያን ያህል የለፉበት አይመስልም።

ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ ልጆችና ለወላጆቻቸው ነው። የማብራራው ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያስፈትኑትን፣ ኤኪውኤ የተባለው የፈተና ቦርድ የሚያዘጋጀውን ፈተና ነው። ሌሎቹ ቦርዶችም ግጥም ያወዳድራሉ፤ ነጥቡና የጥያቄው አቀራረብ ግን ይለያያል። ስለዚህ ልጁ በየትኛው ቦርድ እንደሚፈተን ከመምህሩ ጠይቆ ማረጋገጥ ከሁሉም ይቀድማል። ስኮትላንድ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ የእናንተ ፈተና ጭራሹኑ ሌላ ነው።

ፔፐር ቱ የሚባለው ወረቀት ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፣ 96 ነጥብ ይይዛል፣ ከጠቅላላው የሥነ ጽሑፍ ውጤት 60 በመቶው ከዚያ ነው የሚመጣው። ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በክፍል ውስጥ ስለተነበበ ልብ ወለድ ወይም ተውኔት የሚጻፍ ድርሰት ነው፣ 34 ነጥብ። ሁለተኛው የእኛ ጉዳይ ነው፣ ከመድብሉ 15 ግጥሞች የሚመጣው ንጽጽር። ሦስተኛው ተማሪው ከዚያ በፊት አይቷቸው የማያውቃቸው ሁለት ግጥሞች ላይ ያተኩራል፣ 32 ነጥብ። መጽሐፍ ይዞ መግባት አይቻልም። ከ15ቱ አንዱ ግጥም ጥያቄው ላይ ታትሞ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ተማሪው ራሱ ይመርጣል፣ ስንኞቹንም ከጭንቅላቱ ያወጣል።

ነጥቡ የት እንዳለ

30ው ነጥብ በሦስት ይከፈላል። 12ቱ ለሐሳብ ነው፤ ግጥሞቹን መረዳት፣ የራስን አቋም መያዝ፣ በማስረጃ ማስደገፍና ማወዳደር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሌላው 12 ገጣሚው ያን ሐሳብ በምን ዘዴ እንዳደረሰው ለማሳየት ነው፤ ቃላት፣ ቅርጽ፣ አወቃቀር። የቀረው 6 ለዘመንና ለአካባቢ ነው፤ ግጥሙ ከምን ዓይነት ዓለም እንደወጣ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ታሪክ 6 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ሆኖም ተማሪዎች መልሳቸውን የሚከፍቱት በገጣሚው የሕይወት ታሪክ ነው፤ የት ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ በምን ሞተ። ይህ በቃል ለመያዝ የሚቀል ነገር ስለሆነ ተማሪው ያጠና ይመስለዋል። ሼሊ የተወለደበት ዓመት ግን ለማንም ነጥብ አስገኝቶ አያውቅም። ታሪኩ የሚጠቅመው አንድን ስንኝ ሲያበራ ነው። ምሳሌው ወረድ ብሎ ይመጣል።

አራሚዎቹ መልሱን በስድስት ደረጃ ይመድቡታል። ከ16 እስከ 20 ያለው «ግልጽ» ነው፤ ተማሪው ገብቶታል፣ ይታያል። ከ21 እስከ 25 «የታሰበበት» ነው። ከ26 ጀምሮ ያለው «የሚመረምር» ነው። ከግልጽ ወደ ታሰበበት ለመሻገር ተጨማሪ ጥቅስ ወይም ተጨማሪ የዘይቤ ስም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሁለቱን ግጥሞች አንድ ላይ የሚይዝ ሐሳብ ነው፤ ያ ሐሳብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ግጥሞቹ ከሚስማሙበት ሳይሆን ከሚከራከሩበት ቦታ ነው።

ንጉሡና መስፍኑ

በምሳሌ እንየው። በ«ኃይልና ግጭት» መድብል ውስጥ በብዛት አብረው የሚጠኑ ሁለት ግጥሞች አሉ፤ የፐርሲ ሼሊ «ኦዚማንዲያስ» እና የሮበርት ብራውኒንግ «ማይ ላስት ደችስ»። የመጀመሪያው በ1818 ታተመ፣ ሁለተኛው በ1842። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኦዚማንዲያስ» 14 ስንኝ ነው፣ ሶኔት የሚባለው የግጥም ቅርጽ። ተናጋሪው ከጥንታዊ አገር የመጣ መንገደኛ አገኘ። መንገደኛው በረሃ ውስጥ የተሰበረ ሐውልት እንዳየ ይነግረዋል፤ አካል የሌላቸው ሁለት ግዙፍ እግሮች፣ አጠገባቸው አሸዋ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ፊት። የሐውልቱ መቆሚያ ላይ ንጉሡ ያስቀረጸው ቃል አለ፦ እናንተ ኃያላን፣ ሥራዬን አይታችሁ ተስፋ ቁረጡ። ዙሪያውን ግን ከአሸዋ በቀር ምንም የለም።

«ማይ ላስት ደችስ» 56 ስንኝ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የጣሊያኗ ፌራራ መስፍን ሊያገባት ካሰባት ልጅ ወገን የመጣ መልእክተኛ ተቀብሎ፣ መጋረጃ ገልጦ የሞተች ሚስቱን ሥዕል ያሳየዋል። ለማንም ፈገግ ትል ነበር፣ ለስጦታዬና ለስሜ የተለየ ክብር አልሰጠችም ይላል። ትእዛዝ ሰጠሁ፣ ፈገግታውም ሁሉ ቆመ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ጥሎሽ ያነሳና ወደ ሌላ የጥበብ ሥራው ይሄዳል።

አሁን አንድ ቃል ፈልጉ። ሼሊ የሐውልቱን ፊት ሲገልጽ «ስኒር ኦቭ ኮልድ ኮማንድ» ይላል፣ የቀዝቃዛ ትእዛዝ የንቀት ፈገግታ እንደ ማለት። የብራውኒንግ መስፍን ደግሞ «አይ ጌቭ ኮማንድስ» ይላል። «ኮማንድ» በሁለቱም ውስጥ አለ። አብዛኛው ተማሪ ይህን ካየ እንዲህ ይጽፋል፦

«ሼሊ ‹ኮማንድ› የሚል ቃል ተጠቅሟል። ይህ ንጉሡ ኃይለኛ እንደነበር ያሳያል። በተመሳሳይ መልኩ ብራውኒንግም ‹ኮማንድስ› ብሏል። ይህም መስፍኑ ኃይለኛ እንደሆነ ያሳያል።»

ስህተት የለበትም። ሐሳብ ግን የለውም፤ «በተመሳሳይ መልኩ» የምትለው ሐረግ ስለገባች ብቻ ንጽጽር ሆኗል። ያንኑ ቃል ይዞ ሌላ ተማሪ ይህን ሊጽፍ ይችላል፦

«ሁለቱም ገጣሚዎች ኃይልን በትእዛዝ ያሳዩታል። ሼሊ ዘንድ ግን ትእዛዙ ድንጋይ ፊት ላይ የቀረ ንቀት ነው፤ የሚታዘዘው ሰው የለም። ብራውኒንግ ዘንድ ትእዛዝ ዛሬም ይሠራል፤ መስፍኑ ምናልባት ግድያ የሆነውን ነገር በአጭር ሐረግ ያልፈዋል፣ የሚሰማው መልእክተኛም ቃል አይወጣውም። በአንደኛው ጊዜ ፈርዷል። በሌላኛው እስካሁን የፈረደ የለም።»

የጥቅሱ ብዛት ያው ነው። ሁለተኛው ግን ግጥሞቹን ያከራክራቸዋል፦ ኃይል በራሱ ጊዜ ይወድቃል ወይስ ማንም ሳይነካው ይኖራል? ይህ ጥያቄ ከተያዘ የቀረው መልስ ከእሱ ይፈልቃል። ለምሳሌ ማን ነው የሚናገረው? የንጉሡ ቃል እኛ ጋ የሚደርሰው በሦስተኛ አፍ ነው፤ ከድንጋዩ ወደ መንገደኛው፣ ከመንገደኛው ወደ ተናጋሪው። ድምፁ ራሱ ርቋል፣ ደክሟል። መስፍኑ ግን በገዛ አፉ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ቃል እንዲያስገባ አይፈቅድም። አወቃቀር ማለት ይህ ነው፣ ለ12ቱ የዘዴ ነጥብ የሚሆን ጥሬ ዕቃ።

ወይም የጥበብ ሥራውን ተመልከቱ። ሁለቱም ግጥሞች ውስጥ በባለሥልጣን የታዘዘ ሥራ አለ፤ እዚያ ሐውልት፣ እዚህ ሥዕል። ቀራፂው የንጉሡን ንቀት በደንብ አንብቦ ድንጋዩ ላይ አትሞበታል፤ ንጉሡ ለክብሩ ያሠራው ነገር ዛሬ መሳለቂያው ነው። መስፍኑ ግን ሥዕሉን በመጋረጃ ቆልፎታል፣ መጋረጃውን የሚገልጠው እሱ ብቻ ነው። በሕይወት ሳለች ያልገዛትን ሴት አሁን ግድግዳ ላይ ገዝቷታል። ይህ አንቀጽ ብቻውን ጥሩ ተማሪን ከጎበዝ ይለያል፣ በእኔ ግምት።

ቅርጹም እንዲሁ። ብራውኒንግ ስንኞቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ቤት ያስመታቸዋል፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ስንኙ ሲያልቅ አይቆሙም፣ ወደ ቀጣዩ ይፈሳሉ። ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ቤት መምታቱ እስከማይሰማ ድረስ ጨዋታ ይመስላል። ጥብቅ ቁጥጥር አለ፣ ግን ተሸሽጓል፤ ልክ እንደ ሰውየው። በየማጠናከሪያው ቪዲዮ የሚደጋገም አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ «ሶኔት የፍቅር ግጥም ስለሆነ ሼሊ ንጉሡ ራሱን እንደሚወድ ማሳየቱ ነው» የሚል። ልጃችሁ በራሱ አስቦበት ማስረዳት ከቻለ ይጻፈው፤ ሰምቶ ብቻ ከሆነ ይተወው። አራሚው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነበው ገምቱ።

«ምናልባት» የምትለዋን ቃል ከላይ ሆን ብዬ አስገብቻታለሁ። መስፍኑ ምን ብሎ እንዳዘዘ ግጥሙ ውስጥ የለም። ብራውኒንግ ራሱ ሲጠየቅ እንድትገደል ነው ካለ በኋላ፣ ወይም ገዳም አስገብቷት ይሆናል ብሎ እንደመለሰ ይነገራል። ደራሲው ክፍት የተወውን ተማሪው በእርግጠኝነት መዝጋት የለበትም። ሁለት ትርጉም አስቀምጦ ለምን ይህኛው እንደሚያሳምነው መናገር፣ «የሚመረምር» የሚባለው መልስ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ታሪኩስ? አሁን ቦታው ደረሰ። ግጥሙ በወጣበት ዘመን በእንግሊዝ ያገባች ሴት ንብረት በሕግ ወደ ባሏ ይዞር ነበር፤ ይህ መለወጥ የጀመረው በ1870 እና በ1882 በወጡት ሕጎች ነው። ስለዚህ ብራውኒንግ ታሪኩን ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ቢወስደውም አንባቢዎቹ ሚስትን እንደ ዕቃ መቁጠርን ከቤታቸው ያውቁታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሥዕሉን ያበራዋል፣ በቃ። ለሼሊም ነገሥታትን አጥብቆ የሚቃወም ሰው እንደነበር ማወቅ ይበቃል፤ ኦዚማንዲያስ የፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ የግሪክ ስም ነው። ለንደን የምትኖሩ ደግሞ የዚሁ ራምሴስ ግዙፍ የድንጋይ ራስ ብሪቲሽ ሙዚየም የግብፅ ሐውልቶች አዳራሽ ውስጥ አለ፣ መግቢያው ነፃ ነው። ግጥሙ ሲታተም ሐውልቱ ገና ለሕዝብ አልታየም ነበር። ቅዳሜ ልጁን ይዛችሁ ብትሄዱ ክፋት የለውም፤ ፊቱ ላይ ግን የንቀት ፈገግታ አታገኙም፣ ሰላማዊ ነው። ሼሊ ንቀቱን ለምን ጨመረው ብላችሁ ጠይቁት።

ፈረሰኞቹና ጉድጓዱ

ሌላ ጥንድ ባጭሩ። አልፍሬድ ቴኒሰን በ1854 ክራይሚያ ውስጥ፣ ባላክላቫ ላይ፣ በተሳሳተ ትእዛዝ ወደ መድፍ የጋለቡትን የእንግሊዝ ፈረሰኞች አወድሶ «ዘ ቻርጅ ኦቭ ዘ ላይት ብሪጌድ»ን ጻፈ። ጦርነቱን አላየም፣ ጋዜጣ ነው ያነበበው። ዊልፍሬድ ኦወን «ኤክስፖዠር»ን የጻፈው የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ክረምት ጉድጓድ ውስጥ ካሳለፈ በኋላ ነው፤ ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1918 ተገደለ።

«ሁለቱም መደጋገምን ተጠቅመዋል» ማለት ለተማሪ ቀላል ነው። ግን የሚደጋገመው ምን ይሆናል? ቴኒሰን ሦስት አንጓ «ስድስት መቶዎቹ ጋለቡ» እያለ ይዘጋል። አራተኛው ላይ የሚመለሱት ስድስት መቶዎቹ አይደሉም፣ አምስተኛው ላይ ከስድስት መቶው የተረፉት ናቸው፣ ስድስተኛው ላይ «ክቡራን ስድስት መቶ» ይሆናሉ። መደጋገሙ ይንቀሳቀሳል፤ ከግልቢያ ወደ ሞት፣ ከሞት ወደ ክብር። ኦወን ግን ከስምንት አንጓ አራቱን «ግን ምንም አይፈጠርም» ብሎ ይዘጋል፣ የመጨረሻው አንጓ ሳይቀር። አንዲት ቃል አይቀይርም። ሰዎቹ እየሞቱ ነው፣ ስንኙ ግን ፈቀቅ አይልም፤ የሚገድላቸውም ጠላት ሳይሆን ብርዱ ነው። የቴኒሰን ምት እንደ ፈረስ ኮቴ ሲጋልብ የኦወን ስንኞች መጨረሻ ቤት ሊመቱ ተቃርበው ሳይመቱ ይቀራሉ። ለጆሮ የማይመች ነው፣ እንዲመች አልተፈለገም።

እንዴት ይጠና?

ተማሪው 15ቱንም ግጥሞች ማወቅ አለበት፣ ማንኛውም ሊታተም ይችላልና። ግን 15ቱን በእኩል ጥልቀት መያዝ አያስፈልገውም። ታትሞ የሚመጣው ዓይኑ ሥር ነው፤ ከቃሉ የሚያወጣው ሁለተኛውን ብቻ ነው። እኔ የምመክረው አምስት ወይም ስድስት ግጥም መርጦ እነዚያን ጠለቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ ስለ ገዥዎች ኃይል፣ ስለ ጦር ሜዳ፣ ከጦርነት በኋላ ስለሚቀር ሕመም፣ ስለ ማንነት፣ ስለ ተፈጥሮ ኃይል ቢያንስ አንዳንድ እንዲኖረው። የተመረጠው ግጥም ራሱ ታትሞ ቢመጣ የሚጣመርለት ሌላ መኖሩንም ያረጋግጥ።

ጥቅሱ አጭር ይሁን፣ ከሦስት እስከ አምስት ቃል። ረጅም ስንኝ የሚሸመድድ ልጅ ፈተናው ላይ ስለ ስንኙ ለማሰብ ጊዜ አይተርፈውም።

ስለ ሽምደዳ ከተነሳ፣ በቅርቡ ከአገር ቤት መጥተው እዚህ ትምህርት የጀመሩ ልጆች ላይ ይህ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛ የሚጠየቀው በምርጫ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ከአራቱ አንዱ ነው። እዚህ ደግሞ ትክክለኛ መልስ የሚባል ነገር የለም፣ የተደገፈ ሐሳብ ነው ያለው። ስለዚህ ልጁ የተዘጋጀ ድርሰት ከኢንተርኔት አውርዶ ከነነጥቡ ይሸመድዳል። ጥያቄው ስለ ፍርሃት ሲመጣ ስለ ኃይል የሸመደደውን ይጽፋል። ስንፍና አይደለም፣ የለመደው የጥናት ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ከቁጣ ይልቅ ሌላ ልምምድ ቢሰጠው ይሻላል።

ልምምዱን ወላጅ ቤት ውስጥ ሊያሠራው ይችላል፣ እንግሊዝኛ ባይችልም። ልጁን «እስቲ ሁለቱን ግጥሞች በአማርኛ ንገረኝ» በሉት። ከነገራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «እነዚህ ሁለት ገጣሚዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቢገናኙ በምን ይጣላሉ?» መልስ ካጣ ግጥሞቹን ገና አላወዳደራቸውም፣ ጎን ለጎን ብቻ ነው ያስቀመጣቸው። መልስ ካገኘ ያችን መልስ በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፋት፤ የድርሰቱ መክፈቻ እሷ ናት። አማርኛው የሚሰባበርበት ልጅ ቢሆንም ግድ የለም፣ የተሰባበረውን መስማት ለእናንተም ደስ ይላል።

መልሱን ሲለማመድ በየአንቀጹ ሁለቱም ግጥሞች ይኑሩ። ቦርዱ የግድ በዚህ ቅርጽ ጻፉ አይልም፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድም ይቻላል። ግን እንደዚያ የሚጽፉ ልጆች ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ስለ መጀመሪያው ያሉትን ይረሳሉ። ሦስት አንቀጽ ይበቃል። ሰዓቱ 45 ደቂቃ ግድም ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ወይም ስድስት ደቂቃዎች ብዕር ሳያሮጡ ለማሰብ መስጠት ያስፈራል፣ ሆኖም ያቺን መክፈቻ ዓረፍተ ነገር የሚወልዱት እነሱ ናቸው።

የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ነው፣ ከሥነ ጽሑፍ የተለየ ትምህርት። እዚያም ፔፐር ቱ ውስጥ የንጽጽር ጥያቄ አለ፣ 16 ነጥብ፤ የሚወዳደሩት ግን ልብ ወለድ ያልሆኑ ሁለት ጽሑፎች ናቸው፣ አንዱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን። ሁለቱም ታትመው ይሰጣሉ፣ በቃል የሚያዝ ነገር የለም፣ ስለ ዘመኑ ታሪክ መጻፍም አይጠበቅም።

ሁለተኛው የዚሁ የሥነ ጽሑፍ ወረቀት የመጨረሻ ጥያቄ ነው። ተማሪው ቀድሞ በማያውቀው አንድ ግጥም ላይ 24 ነጥብ ጽፎ ሲያበቃ ሌላ የማያውቀው ግጥም ይሰጠውና አወዳድር ይባላል። ነጥቡ 8 ብቻ ነው፣ ሁሉም ለዘዴ፤ ታሪክ አይጠየቅም። የግጥሞቹን ይዘት እንደ አዲስ መተረክ እዚህ ጊዜ ማባከን ነው። ገጣሚዎቹ ተመሳሳይ ነገር በምን የተለያየ መንገድ እንዳደረሱ የሚያሳዩ ሁለት አንቀጾች፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ። ጊዜ ያጠረው ልጅ ባዶ ትቶት የሚወጣው ይህንን ጥያቄ ስለሆነ፣ የልምምድ ወረቀት ሲሠራ አንዳንድ ቀን ከዚህ ጥያቄ ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲመጣ አድርጉት።